ሞክሼዎች

«ለቀዶ ሐኪሙ ልኬላቸዋለሁ እኮ! ግን ዝም አሉኝ» አለ የላብራቶሪው ባለሙያ በስልክ። «እሳቸው ደግሞ ኢሜይል ሳይመልሱ አያድሩም። ያንቺ አዲስ ነገር ዋጠው እንዴ?»

«የት ይሄዳል? ቆይ ልየው» አለች የኮምፒዩተር ባለሙያዋ።

የሆስፒታሉን የኢሜይል ሰርቨር ከሠራተኞች ማውጫ ጋር ያገናኘችው ዛሬ ጠዋት ነው። ማውጫው ስሞቹን የሚቀዳው ከአስተዳደር ክፍሉ አሮጌ ዳታቤዝ ነው። ከእንግዲህ መልእክት በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ማውጫውን «ይህ ሰው የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩና ማውጫው እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አንዱ የተናገረውን ሌላው አልሰማም እያለ ለሳምንታት አንገላተዋት፣ ዛሬ ሲታረቁ አለቃዋ «እጅሽ ይባረክ» ብሏት ወጥቷል።

መልእክቱን ፈልጋ አገኘችው። ደርሷል ይላል። የተቀባዩ ስም የቀዶ ሐኪሙ ነው፤ የአባታቸውም ስም ልክ ነው። የሥራ መደቡ ግን ሌላ ነው። የአምቡላንስ ሾፌር።

ሞክሼዎች ናቸው። አሮጌው ዳታቤዝ ሰው የሚለየው በመለያ ቁጥር ነበር፤ እሷ ግን ሰርቨሩን በስም እንዲፈልግ አዘዘችው።

«ምን ነበር የላክህላቸው?»

«የሕፃኑን የደም ውጤት። ደሙ አይረጋም። ቀዶ ጥገናው ይቁም ብዬ ነው የጻፍኩት። ስልክ ብደውል የሚያነሳ የለም።»

«ሕፃኑ መቼ ነው የሚገባው?»

«አሁን ሳይገባ አይቀርም።»

የሰርቨሩንና የማውጫውን ግንኙነት አቋርጣ ተነሳች። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ አንዲት ነርስ እጇን ዘርግታ አገደቻት።

«ወዴት ነው በዚህ ጫማ?»

«የሕፃኑ ደም አይረጋም! እንዳይነኩት በያቸው!»

ነርሷ ፊቷን አይታ ሳትከራከር ወደ ውስጥ ሮጠች። በሩ ተዘጋ። ባለሙያዋ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመረች፤ አንዱንም አልጨረሰችም።

በሩ ተከፈተ።

«አልጀመሩም» አለች ነርሷ። «ሊጀምሩ ነበር።»

ግድግዳውን ተደግፋ ዞር ስትል፣ በሳቃቸው ግቢውን የሚያናጉት የአምቡላንስ ሾፌር ኮሪደሩ ጥግ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ልጄ፣ ሐኪም ታገናኚኛለሽ?» አሉ። «ትናንት ለስኳር ብለው ደም ወስደውልኝ ነበር። ይኸው ‹ደሙ አይረጋም› ብለው ልከውልኛል። ለሚስቴ ምን ብዬ ልንገራት?»

አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«የእርስዎ አይደለም፣ ጋሼ። በስም ተሳስቶ ነው የመጣው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የኔ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ተመስገን!» ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። እየሳቁ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

«ታዲያ የማን ነው?»

ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የትንሽ ልጅ ጫማ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ቀና አለች።