ሳይቆጠር የተጻፈ

ፈትያ ድርቅና ኦዞን የተባለው ጎጂ ጋዝ ባንድ ላይ ሲበረቱበት ስንዴ ምን እንደሚሆን ታጠናለች። ጋፋት በተተከለው የላስቲክ ቤት ውስጥ በየቀኑ ቅጠሉ ላይ የወጣውን ነጠብጣብ ትቆጥራለች፤ ለማነጻጸሪያም ከላስቲክ ቤቱ አጠገብ ያለውን የባለመሬቱን የአባ ጥላዬን ማሳ ትመዘግባለች። ሰኞ ዕለት ግን ሰነፈችና ደብረ ታቦር ቤቷ ተቀምጣ እስከ ቅዳሜ ያለውን ቁጥር ከራሷ ፈጥራ ሞላችው።

ጸጸቱ እረፍት ቢነሳት ቅዳሜ ጠዋት ልታርመው መጣች። አንደኛው ቅጠል ላይ አሥራ አራት ነጠብጣብ አለ፤ የጻፈችውም አሥራ አራት ነው። ሁለተኛውም ልክ እንደጻፈችው ዘጠኝ ሆነ። "ሞቷል" ያለችው ሦስተኛው ክው ብሎ ደርቋል።

"እስከ ትናንት ለምለም ነበር" አሉ ተከትለዋት የገቡት አባ ጥላዬ።

"አባ፣ እኔ ሳላይ ነው የጻፍኩት።"

አዛውንቱ ወረቀቱን አተኩረው አዩት። "ለኔ ማሳስ ምን ጻፍሽለት፣ ልጄ?"

ፈትያ ወረቀቱን አጠፈችው። ነፋስ በሌለበት፣ ከላስቲኩ ማዶ የደረቀ ስንዴ ተንኮሻኮሸ።