ከአሳማ ያልተሠራው መድኃኒት

«ከአሳማ ነው? እንግዲያው ልጄን አትንኪያት!»

እንግዳው የሚባለው አባት ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ...

ዘመኑ ደርግ ነው፤ 1979 ዓ.ም.። ቦታው የሱዳኗ ገዳሪፍ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ።

እንግዳው ከመተማ ድንበር ተሻግሮ፣ ቁረይሻ በሚባል የሱዳን እርሻ ሰሊጥ የሚያጭድ የቀን ሠራተኛ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ወርቅውሃ በስኳር በሽታ ደክማ ተኝታለች።

«ያ አሚ፣ አጎቴ፣ ኢንሱሊን ካልወሰደች ትሞታለች። ያለን ይሄ ብቻ ነው» አለችው ነርሷ ሂያም።

«ማተብ ያሰርኩላትን ልጅ? ወላሂ አላደርገውም!»

በንዴት ወላሂም አለ እኮ...

ሰውዬው ግትር ነው። ሙስሊም ጎረቤቱ ባለሱቁ ከማሉ ስንቴ ምሳ ቢጠራው «የእስላም ሥጋ አልበላም» ብሎ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ይመለሳል።

በማግሥቱ ሂያም አምስት ብልቃጥ ይዛ መጣች።

«ይሄ አዲስ ነው። አሳማ የለበትም፤ ባክቴሪያ ናት የሠራችው።»

«ደግሞ እሷ ማን ናት?»

«በዓይን የማትታይ ሕያው ነገር። ሊጥ የሚያቦካው እርሾስ ሕያው አይደል? የሰው ኢንሱሊን የሚሠራበትን ትእዛዝ ተመራማሪዎች ውስጧ ሲያስገቡ ታመርተዋለች። ሕያው ነገርን ለሰው ጥቅም ማሠራት ባዮቴክኖሎጂ ይባላል። አንዱ ዘርፍ መድኃኒት ነው። ሌላው እርሻ፣ ተባይ የሚችል ዘር ያወጣል። የፋብሪካም አለ፣ ቆሻሻ የሚያጸዳም...»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ውጊያት!»

ወርቅውሃ በሦስተኛው ቀን ቀና ብላ ገንፎ አማራት።

እንግዳው ለከማሉ ሊያበስር ወደ ሱቁ ሮጠ። ከማሉ ጓዳ ውስጥ ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን በመርፌ ሲወጋ አገኘው...

ብልቃጡን አየው። ያው እሱ እምቢ ያለው ነው።

«አንተም ስኳር አለብህ?»

«አሥር ዓመቴ።»

«ይሄ የአሳማው አይደል እንዴ!»

«አዲሱን መድኃኒት ወንድሜ ከጅዳ ልኮልኝ ነበር። አምስት ብልቃጥ... እምቢ ማለትህን ሂያም ስትነግረኝ ሰጠኋት።»

እንግዳው ሂያም ያመጣቻቸውን አምስት ብልቃጦች አስታወሰ።

«እኔ ስለ አሳማው ሼሁን ጠይቄያለሁ፤ ነፍስ ለማዳን ከሆነ ይፈቀዳል ብለውኛል» አለ ከማሉ። « አንተን ግን ማን ያሳምንሃል? አንተ እስክታምን ልጅቷ አትቆይም።»

እንግዳው እንባው መጣ። ልጁን ሊገድላት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባው።

«አምስቱ ሲያልቁ የተገኘውን ይውጓት» አለ።

ከዚያ ቁጭ አለ።

«ምነው... ዛሬ ምሳ አልጠራኸኝም?»

ወዳጆቼ፣ የራሱን ችግር ችሎ የእናንተን እምነት የሚያከብር ጎረቤት ካላችሁ፣ ሳይረፍድ ከማዕዱ አብራችሁት ቁረሱ።

እናንተ በከማሉ ቦታ ብትሆኑ አዲሱን መድኃኒት ትሰጡ ነበር? እውነቱን ብቻ... እዚህ ታች እጠብቃችኋለሁ 👇