ጠንካራው ሞላ

ለውድድር የሚነዳትን አሮጌ መኪና ንዝረት የሚያበርደውን የጎማ ሞላ ሊያስቀይር ጋራዥ ሲገባ፣ አጠገቡ ተቀምጣ መንገድ የምትመራው ታላቅ እህቱ አስካለች ለስለስ ያለውን እንዲመርጥ ለመነችው።

«ጠንካራው ነው ኩርባ ላይ የማያጋድለው። አንቺ ፈርተሽ ነው!» ብሎ መካኒኮቹን ሁሉ አሳቃቸው። እሷም አብራ ሳቀች።

እሑድ ዕለት ኮረኮንቹ መኪናዋን ሲያንገጫግጫት ዋለ፤ አስካለች ግን አንዲት ኩርባ ሳትስት መራችው። አንደኛ ወጡ።

እየጨፈረ ዞሮ በሯን ከፈተላት። «ውጪ እንጂ፣ ዋንጫው እየጠበቀን ነው!»

አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ በላብ ርሷል።

«እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለችው ቀስ ብላ። «ሐኪሙ የወገብሽ ዲስክ ተንሸራቷል፣ የሚያንገጫግጭ መኪና ውስጥ እንዳትገቢ ብሎኝ ነበር። ብነግርህ ውድድሩን ትተወዋለህ ብዬ ነው።»

በድምፅ ማጉያ ስሙ ተጠራ። እሱ እግሯ ሥር ተንበርክኮ፣ ቀና ብሎ እሷን ማየት አቃተው።