የማይነሳው ክንድ

የእንጨት ሥራ ቤቱ የሁለት ወንድማማቾች ነው። ታላቁን ሰፈሩ «አለቃ» ይለዋል። ታናሹ ቅጽል ስም የለውም፤ ቅጽል ስም ከሚያወጡ ሰዎች ጋር ለመቀመጥ ጊዜ አግኝቶ አያውቅም።

አለቃን አለቃ ያደረገው ክንዱ ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ ከተማ ለሥራ ሄዶ፣ ከመሰላል ወድቆ፣ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው የቀኝ ክንዱ አጥንት ተሰብሮ ተመለሰ። ስብራቱ ገጥሟል፤ ክንዱ ግን ከደረቱ በላይ እንደማይነሳ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ያየው እንጂ ውጭ ያየው የለም። በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአገጩ ያዛል። ታናሹ በመጋዝ ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ይሸከማል፤ ምሳ ሲደርስም ታላቁን እጅ ያስታጥባል።

ታዲያ አንድ ቀን ታናሹ ቁም ሣጥን መኪና ላይ ሲጭን ወደ ኋላ ወደቀና ተሰበረ። ያው ቀኝ ክንድ፣ ያው አጥንት።

አለቃ ክው አለ። ወንድሙን ይወዳል፤ ያለ እሱም በዚያ ቤት አንዲት ምስማር እንደማትመታ ያውቃል። ታናሹ ከሕክምና ሲመለስ ግን ድንጋጤው መልኩን ቀየረ።

«ጀሶው የታለ?»

«ጀሶ አላስፈለገም፣ ጋሼ። ዶክተሯ ክንዴን በመደገፊያ አስራ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችው። የክንዱ ክብደት ራሱ አጥንቱን ወደ ቦታው ይስበዋል አለች። እስኪገጥም ድረስ ቁጭ እንዳልኩ ነው የምተኛው።»

«ጀሶ የሌለው ስብራት! እኔ እኮ ከትከሻዬ እስከ ጣቴ በጀሶ ተገንብቼ ነበር። አንተ በጨርቅ ተገላገልክ?»

«እንጃ፣ ጋሼ። ያኔና ዛሬ ይለያይ ይሆናል» አለና ታናሹ ተቀመጠ።

አለቃን ያበገነው መቀመጡ ነው። በዚያ ቤት የሚቀመጥ ሰው ሁለት ሆኖ አያውቅም።

መጀመሪያ ሊፈትነው አሰበ። አንድ ወፍራም ጣውላ ላይኛው መደርደሪያ ጫፍ ላይ አዘንብሎ አስቀመጠና ታናሹ ሥሩ ሲደርስ በመጥረጊያ ነካ አደረገው። ቀኝ ክንዱ ደህና ከሆነ ከላይ የሚወርድበትን በእሱ መመከቱ አይቀርም ብሎ ነበር። ታናሹ ግራ እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ጣውላውን አየር ላይ የቀለበው አለቃ ራሱ ነው። እንደዚያ ያለ ደረቅ እንጨት መሬት ከመታ ይሰነጠቃል።

«ነቅቶብኛል» አለ በልቡ። «አይ ተንኮል!»

ከዚያ ለደንበኛ ቃል የተገባበት የቁም ሣጥን በር ቀኑ ደረሰ። ታናሹ ጠዋት ሲመጣ በሩ ተልጎ፣ ማጠፊያው ተመትቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«የቀን ሠራተኛ አመጣሁ» አለ አለቃ። «ትናንት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ሠርቶ ሄደ።»

ታናሹ የበሩን ጠርዝ በግራ እጁ ዳበሰ። «እጁ ይባረክ። ሌላ ጊዜም ጥራው እንጂ።»

«አንተ እያለህ ለምን ብዬ?» አለቃ ወገቡን ይዞ ብድግ አለ። ብስጭት አንዳንዴ ወገብ ላይ ይወርዳል።

ቁርጡን ያወቀው ግን ታናሹ ኋለኛው ክፍል ገብቶ በሩን የዘጋ ዕለት ነው። አለቃ የጣውላውን ግድግዳ ጫፍ ይዞ ሽቅብ ተሳበና አሻግሮ አየ። ታናሹ ጨርቁን ፈትቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያን ተሰበረ የተባለ ክንድ እንደ ባዶ ባልዲ ያወዛውዛል። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ዙሪያውን።

አለቃ ወረደ። ከልቡ አዘነ። በእጁ ያሳደገው ወንድሙ እንዲህ በሰው ስብራት ይቀልዳል!

«ስማ» አለው ሲወጣ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ነገ ዶክተሯ ጋ አብረን እንሄዳለን። ደህና ክንድ ይዞ ተሰበርኩ እያለ የሚቀመጥ ሰው እዚህ ቤት ቦታ የለውም፤ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ወንድም ነው፣ ታላቅ ነው፣ ታናሽ ነው አልልም።»

«ይሁን፣ ጋሼ» አለ ታናሹ። ድምፁ ተሰብሯል። ከዚያ ቤት ሌላ መሄጃም፣ ከእንጨት ሌላ ሙያም የለውም።

ዶክተሯ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። አለቃን፣ ስለ ራሱ የማይነሳ ክንድ ያወራውን ጭምር፣ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ሲያወዛውዘው በዓይኔ በብረቱ አየሁ!»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አጥንቱ መያዝ ሲጀምር ካልተወዛወዘ ትከሻው ይደርቃል። የእርስዎ ሐኪም አላዘዘልዎትም?»

«የኔ ስብራት የዋዛ አልነበረም» አለ አለቃ ቆጣ ብሎ። «ወሬውን ይተዉትና ስብራቱን ያሳዩኝ።»

ዶክተሯ ራጁን ከፖስታው አወጣች። ራጅ የሚታይበት የመብራት ሣጥን ተበላሽቷል። ልታስረዳው አፏን ሳትከፍት አለቃ መንጭቆ ወሰደባት። የክፍሉ መስኮት አንድ ነው፤ እሱም ከፍ ብሎ ጣሪያው ሥር ነው። አለቃ እዚያ ሄዶ ቆመና ራጁን በሁለት እጁ ወጥሮ ከአናቱ በላይ አነሳው።

«የታለ? የታለ ስብራቱ?» ገለበጠው፤ ብርሃኑ አልበቃ ሲለው ደግሞ ሽቅብ ገፋው። «ይኸው ትከሻ፣ ይኸው ክርን… ይቺ መስመር ናት? ኑ እዩ እንጂ! ምነው ዝም አላችሁ? አፈራችሁ?»



ዶክተሯም ወንድሙም የሚያዩት ራጁን አልነበረም።