ሠላሳ አንደኛ

ሰላሁዲን ማማው ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ቆቦ ከተማ የጠፋው ኔትወርክ እዚህ፣ ከማሽላው በላይ፣ አንዳንዴ ብቅ ይላል፤ ደስ ሲለው። በአንድ እጁ ወንጭፍ፣ በሌላው ስልክ ይዟል። ወፍ ይጠብቅ ኔትወርክ ይጠብቅ ለራሱም ግራ ገብቶታል።

አባቱ እንድሪስ ከማማው ሥር ቁጭ ብለው ለወንጭፉ ጠጠር እየለቀሙ ሽርጣቸው ላይ ያጠራቅማሉ። ግሪሳ ወፉ ጎህ ሲቀድ ነው ማሽላው ላይ የወረደው፤ ዘንድሮ ጉድ ነው የሚያክለው።

«አልመጣም?»

«አልመጣም አባ።»

የሚጠበቀው የናይሮቢው ውድድር የስም ዝርዝር ነው። ሰላሁዲን ቴኒስ ተጫዋች ነው፤ እንጀራው ብሎ የያዘው። ስንት አገር ዞሮ፣ ስንት ሰው ቤት መሬት ላይ አድሮ፣ በሃያ ሰባት ዓመቱ ያፈራው ሀብት በዓለም ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ነጥብ ናት። አንዲት። በእሷ የተነሳ ከዓለም አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባኛ ነው። ነጥብ ደግሞ ዕድሜዋ ዓመት ነው፤ በወሩ መጨረሻ ትሰረዛለች፣ ስሙም አብሯት። ናይሮቢ ገብቶ ካሸነፈ ይተርፋል። ካልገባ ሌላ ውድድር የለም፣ እንደገና ከዜሮ የሚጀምርበትም አቅም የለውም።

ስልኩ ጮኸ። ዝርዝሩ ቀስ እያለ ወረደ። ዋናው ውድድር፤ ስሙ የለም። ማጣሪያው፤ የለም። ከዚያ «ተጠባባቂ» የሚል መጣ። ከሥሩ ሠላሳ ሰው ተደርድሯል፣ ከሠላሳው ሥር ሰላሁዲን እንድሪስ። ሠላሳ ሰው ታሞ ካልቀረ በር አይከፈትለትም።

«መጣ እንዴ?» አባቱ የስልኩን ጩኸት ሰምተው ተነሡ። «ስንተኛ ነህ አሁን?»

እንድሪስ ቴኒስ አይተው አያውቁም። የሚያውቁት ቁጥሩን ነው። ጎብዬ ገበያ ላይ ቁጥሩን ሲናገሩ ሰዎች ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቅ ሲያፍኑ ያያሉ፤ እንዲያም ሆኖ መናገሩን አልተዉም።

«ሠላሳ አንደኛ» አለ ሰላሁዲን፣ ስልኩ ላይ ያየውን እያነበበ።

ጠጠሩ ከእንድሪስ ሽርጥ ላይ ፈሰሰ። «ሠላሳ አንደኛ?» አሉ። «ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ?» በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አበሱ። «አልሀምዱሊላህ። ያ ረብ፣ ሳልሞት አሳየኸኝ።»

ልጁ አፉን ከፈተ። እንዲያ አይደለም አባ፣ ይሄ የሚጠብቅ ሰው ሰልፍ ነው፣ ሊል ነበር። ምን ያደርጋል፣ አባቱ ቀድመውት ወደ ጎረቤት ማሳ እየተጣሩ ነው።

«አያሌው! ሰማህ ወይ? ልጄ ሠላሳ አንደኛ ገባ፣ ከዓለም።»

የአያሌው ድምፅ ከማሽላው ማዶ መጣ። «እሰይ፣ እሰይ። እግዜር ልፋቱን ቆጠረለት። እንግዲህ ጎብዬ ላይ የሚስቅብህን እናያለን።»

ያን ጊዜ ሰላሁዲን አፉን መልሶ ገጠመ።

«ና ውረድ» አሉ እንድሪስ። «ወንጭፉን ወዲህ በል። ያንተ እጅ ከእንግዲህ ለወፍ አይለፋም፣ ይረፍ።»

«አባ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል።»

«ውረድ ብያለሁ።»

ወረደ። አባቱ የማማውን እንጨት ጨብጠው አንዱን እግራቸውን እያስቀደሙ፣ የታመመውን እየጎተቱ ሲወጡ ከሥር ተረከዛቸውን ደገፈላቸው። ላይ ደርሰው ጥቂት ተነፈሱ፣ ወንጭፉን አሽከርክረው ለቀቁት። ጠጠሩ እዚያው ማማው አጠገብ ወደቀ። ሌላ ደገሙ፤ እሱም ወደቀ። ግሪሳው ከማሳው መሐል ንቅንቅ አላለም።

«አየኸው አወራወሬን?» አሉ ከላይ፣ እየሳቁ።

«አየሁት አባ» አለ ሰላሁዲን። እንዲያርፍ የታዘዘውን ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ማሽላው ሲበላ ቆሞ ያያል።