ዜሮ ላይ ማን አለ?

ፈቀደ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ሚስማርና ቀለም ይሸጣል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ አንድ ጥያቄ አፉ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ደንበኛውን ዘመነችን «አግቢኝ» ሊላት። ሁለት ፋሲካ አለፈው። እሷ ሚስማር ልትገዛ ስትመጣ ይመዝንላታል፣ ጨምሮ መርቆ ይሸኛታል፣ በቃ።

አሁን ደግሞ ሰው የቀደመው መሰለው።

የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን እስከ ገና «ስውር ወዳጅ» ይጫወታሉ፤ ለሁሉም አንዳንድ ሰው በዕጣ ይደርሰዋል፣ ለዚያ ሰው ማንነቱን ሳይናገር ስጦታ ያደርሳል። ፈቀደ ድምፁ የእህል ወፍጮ ስለሆነ መዘምራን ውስጥ የለም። ዘመነች ግን አለች። በየሳምንቱ በሯ ላይ ጥቁር ፌስታል በቀጭን ሽቦ ታስሮ ይገኛል፤ ውስጡ ሻሽ። እሑድ አዲሱን ሻሽ አስራ መድረክ ላይ ስትቆም ፈቀደ ስብከቱ አይሰማውም።

ሻሽ መምረጥ የሚያውቅ ወንድ ማን አለ? በዛብህ ነዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ያ ጢሙን እያበጠረ የሚዘምረው ወንደላጤ።

ዕጣውን በኮምፒውተር ያወጣችው የዘመነች የእህት ልጅ ሄቨን ናት፤ ቤቴል ሰፈር አንድ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ጎራ አለች።

«ጋሽ ፈቀደ፣ ከዚያች ከቀጭኗ ሽቦ ትንሽ ይቁረጡልኝ። አጥሩ ላልቶብን ነው።»

ቆረጠላት። ሒሳብ አልቀበልም አለ።

«ሄቨንዬ… ያ ዕጣ፣ አክስትሽ የደረሰችው ለማን ነው?»

«እኔ የት አውቄ? ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው። ስሞቹ አሬይ ውስጥ ናቸው፤ ልክ እንደ እርስዎ የሚስማር መሳቢያዎች በተርታ። ማንም እንዳያይ ዘግቼዋለሁ።»

«አንቺው ዘግተሽው መክፈቻ ታጫለሽ?»

«ኧረ ነውር ነው ጋሽዬ» አለችና ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አወጣች።

ባልዲ ገልብጦ አስቀመጣት።

«ሪፍሌክሽን የሚባል ነገር አለ» አለች እየጻፈች። «ፕሮግራሙን ራሱን እንዲመረምር ያደርጉታል። የተዘጋውን ዕቃ ‹አንተ ምንድን ነህ?› ይሉታል፤ ‹አሬይ ነኝ› ይላል። ‹ስንት መሳቢያ አለህ?› ሲሉት ይነግርዎታል። ከዚያ በቁጥር እየጠሩ አንድ በአንድ ማስነበብ ነው።»

«የፖሊስ ምርመራ ነዋ።»

«ዱላ የለውም እንጂ።»

«አክስትሽ መጀመሪያ ነው የተመዘገበችው። አንድን ክፈቺው።»

«ቆጠራው ከዜሮ ነው።»

«ዜሮ ላይ ሰው ይቀመጣል?»

«አክስቴ ተቀምጣለች፤ የደረሰችው ሰው ስም እዚያ ውስጥ ነው።»

ቁልፉን ጫነች። ፈቀደ መነጽሩን ጠራርጎ አጎነበሰ።

«ኑል? ኑል ማነው? የየትኛው አጥቢያ ሰው ነው?»

«ሰው አይደለም ጋሽዬ፤ ባዶ ማለት ነው። ራዕይ የምትባለዋ ዘማሪ ሐዋሳ ስትሄድ ስሟን አጥፍቼ ነበር። ለካ አክስቴ የደረሰችው ለሷ ኖሯል።»

«ታዲያ ሻሹን የሚያመጣው?»

ሄቨን ላፕቶፗን ቀስ ብላ ዘጋች። «እሱ ነው የሚብሰው። ጨዋታው ያስገደደው ሰው የለም። ማንም ይሁን ማን፣ የሚያመጣው ከልቡ ነው ማለት ነው።»

ፈቀደ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። በዛብህ በመርፌው እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ ዘመነችን ከራሱ ጋር ሲሰፋት ታየው። ኮቱን ገልብጦ ለበሰ። «ሱቁን አደራ» ብሎ በቆሙት ታክሲዎች መሀል እየተሹለከለከ ወደ ዘመነች ቤት ገሠገሠ። አንዱ የታክሲ ረዳት «ቤቴል፣ ቤቴል» ሲለው «ዞር በል፣ ላገባ ነው» አለው።

ሄቨን ሁለት ሚስማር ፈላጊ አስተናግዳ ባልዲው ላይ ስትመለስ ስልኳ ጠራ።

«ሄቨንዬ» አለች ዘመነች በሹክሹክታ፣ «እሺ ብዬዋለሁ፤ ሽቦውን መልሺለት፣ ከእንግዲህ በራችን ላይ ሻሽ አንሰቅልም።»