ከማጨጃው ሆድ ሥር

ቨርን የሞተሩን ካንዴላ ነቅሎ፣ ተቀምጠው የሚነዱትን የሣር ማጨጃ በክሪክ አነሣና ሥሩ ተጋደመ። ታናሽ ወንድሙ ዱዌይን በግንቦት ተውሶት ዛሬ ገና ሲመልሰው፣ ከሆዱ ሥር የተጋገረው ሣር ሁለት በረት ላም ቀልቦ ይተርፍ ነበር።

«የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ብቻ ነው ያጨድኩበት» አለ ዱዌይን፣ ቢራውን ይዞ አጠገቡ ቆሞ። የኢንዲያና ወፎች በሙሉ ዝም ቢሉ የእሱ አፍ ብቻውን ይበቃ ነበር። «ፓስተሩ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹እንዳንተ የሚያጭድ መልአክ እንኳ የለም!› ስማ፣ ለቅዳሜም ትሰጠኛለህ አይደል?»

«መጀመሪያ ጉድህን ልፋቅልህ፣ አንተ ሰነፍ!» አለና ቨርን መፋቂያውን ገፋ አደረገው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያህል ቁራሽ ደረቱ ላይ ወደቀ። ናና ናና ሸተተው። በዚያ አገር ሣሩ መሐል ናና የተዛመተበት ግቢ አንድ ብቻ ነበር፤ ሚስቱ ሎርና «ትንሽ ላስብበት» ብላ በመጋቢት የገባችበት የእናቷ ቤት። ናናውን በሠርጋቸው ዓመት የተከለው ራሱ ነበር፤ ትመለሳለች ብሎም እስከ ትናንት ማታ የበረንዳውን መብራት ሲያበራላት ከርሟል። ቁራሹን ሰበረው። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡናማ፣ ከዚያ በታች ጥቁር፤ የሳምንታት ድርብርብ፣ ሁሉም ናና ይሸታል።

ወጥቶ ቁራሹን ወንድሙ መዳፍ ላይ አኖረው። «አሽትተው።»

ዱዌይን አሸተተ። ቢራውን መሬት አስቀምጦ ቁራሹን በሁለት እጁ ያዘው።

ቨርን ተመልሶ ተጋደመና መፋቁን ቀጠለ። «ቅዳሜ ምላጩን ከፍ አድርገው» አለ ከሥር። «እሷ በጣም አጥሮ ሲታጨድ አትወድም።»